ሮምን ብቻችሁን እዩዋት

እኛ አገር ብቻውን የሚዞር ሰው ይታዘንለታል። ብቻውን ሲኒማ ከገባ «ተጣልታችሁ ነው?» ይባላል። ብቻውን ምሳ ከበላማ ተረቱ ራሱ ፍርዱን ጨርሷል፤ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል። ለዚህም ይመስለኛል ከአገር የመውጣት ዕድል ሲገጥመን መጀመሪያ የምንጠየቀው «እዚያ ምን አለ?» ሳይሆን «እዚያ ማን አለህ?» የሆነው። አክስት፣ የአክስት ልጅ፣ የሰፈር ልጅ... ብቻ ከኤርፖርት የሚቀበል፣ የሚያበላ፣ ሦስት ቦታ ወስዶ ፎቶ የሚያነሳና መልሶ የሚሸኝ ሰው ይፈለጋል።

እኔ የምለው፣ የዘመድ ቤት ይከበር፤ ግን አንዲት ቀን ከነምሽቷ ለራሳችሁ አስቀሩ። በተለይ ከተማዋ ሮም ከሆነች። ምክንያቴ «ራስን ፍለጋ» ምናምን የሚባለው የፊልም ወሬ አይደለም። በቡድን የሚታየው ሮም የሁሉም ሰው ሮም ነው። እኛን የሚመለከተው ሮም ግን ከሰልፉ ወጣ ብሎ የሚቆም፣ «ቶሎ በል እንጂ» የሚለው የሌለ ሰው ይፈልጋል።

ደግሞ ቪዛውን አስቡት። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ እቆጥራለሁ፤ ሮም ነንና) ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ማመልከቻ መደበኛ የመልስ ጊዜውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመው፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጠን ወሰነ። በዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ ያገኛችኋት አንዲት መግቢያ በሌላ ሰው ፕሮግራም ማለቅ አለባት?

ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከተርሚኒ እንጀምር። በዋናው በር ስትወጡ ፊታችሁ የሚዘረጋው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል። «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት ነው። እነማን ናቸው አምስት መቶዎቹ? በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸዋ! በየቀኑ ስንትና ስንት ሺህ ቱሪስት ሻንጣውን እየጎተተ በእኛ ታሪክ ላይ ያልፋል፤ እኛም አብረን እየጎተትን እናልፋለን።

ከአደባባዩ ራመድ ስትሉ ባለች ትንሽ የአትክልት ስፍራ ለእነዚያው ወታደሮች መታሰቢያ የቆመ ሐውልት አለ፤ አናቱ ላይ ከግብፅ የመጣ ጥንታዊ ድንጋይ ተሰክቷል። ለገሃር የምናውቀው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ጊዜ ተዘርፎ የተቀመጠው እዚህ ሐውልት ሥር ነበር። በ1938 ዘርዓይ ደረስ የተባለው ኤርትራዊ ወጣት ጎራዴ መዝዞ የተነሣውም እዚሁ ነው። ተያዘ፤ ነፃነቱን ሳያገኝ በ1945 እዚያው ጣልያን አገር አረፈ። አንበሳው ግን አገሩ ገባ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ «ድሮ ነው» ብለን እናልፈው ነበር። ከዚያች የአትክልት ስፍራ ጥቂት ደቂቃ በእግር ብትሄዱ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳን ታገኛላችሁ፤ የነፃነት አደባባይ። በኦገስት 2017 አጠገቡ ካለ ሕንፃ የተባረሩና አደባባዩ ላይ ያደሩ የኤርትራና የኢትዮጵያ ስደተኞችን ፖሊስ በውኃ መድፍ የበተናቸው እዚህ ነው። ዛሬ ብትሄዱ ሰው አይስክሬም ይበላል። የትኛው አስጎብኚ ባንዲራውን ከፍ አድርጎ «እዚህ ጋ እንቁም» ይላል? የትኛውስ ጓደኛ «ዕረፍት ላይ ነን እኮ፣ ምን ሆነሃል?» ሳይል አብሮ ይቆማል?

ቆዩ፣ ቀኑን ሙሉ አልቅሱ እያልኩ አይደለም። ሮም ሊበሏት፣ ሊጠጧት የምትገባ ከተማ ናት። ቡና ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ጠጡ፤ ከተቀመጣችሁ ብዙ ቦታ ዋጋው ይጨምራል። ውኃ አትግዙ፤ ሮማውያን «ናሶኒ» የሚሏቸው፣ አፍንጫ የመሰለ ቧንቧ ያላቸው የብረት ምንጮች በየመንገዱ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያፈስሱ ይውላሉ። ትሬቪ ፏፏቴ ሳንቲማችሁን ወርውራችሁ ቶሎ ሂዱ፤ ከሰው ጀርባ በቀር ብዙ የሚታይ የለም። ፓንቴዮን ግን ግቡ። 43 ሜትር ከፍታ ያለው ጉልላት ከመሐሉ ክፍት ነው፤ ዝናቡም ፀሐዩም በዚያ ይገባል። ብቻውን የሆነ ሰው ያቺ የብርሃን ክብ ግድግዳው ላይ ስትንፏቀቅ ለማየት ጊዜ አለው።

ቫቲካን የተሰለፋችሁ እንደሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁሉም ፎቶ ከሚያነሳው ከትልቁ ባዚሊካ ጀርባ፣ በቅጥሩ ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከኢትዮጵያ በእግርም በመርከብም የሄዱ መነኮሳት ይኖሩበት ነበር። እንደ ልብ ዘው ተብሎ አይገባበትም፤ መኖሩን አውቆ መሰለፍ ግን ሰልፉን ያሳጥራል። አሁን የምታነቡት ፊደል ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው ሮም ነው፤ በ1513፣ የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ሆኖ። እናማ ከተማዋ የተቀማነውን ብቻ ሳይሆን የሰጠነውንም ይዛለች።

አመሻሹን ለፖርታ ካፔና አስቀምጡት። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እስከ 2003 ቆሞ የኖረበት አደባባይ ነው፤ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከሆነው፣ ድሮ ግን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር እንዲሆን ከታሰበው ሕንፃ ፊት ለፊት። ጣልያን ሐውልቱን ልትመልስ የፈረመችው በ1947 ነበር። የመጨረሻው ቁራጭ አክሱም የደረሰው በ2005 ነው። አሁን ቦታው ላይ ስለ እኛ የሚናገር ብዙ ነገር አትጠብቁ። ባዶውን ለማየት የሄደ ሰው ነው የሚያየው።

እዚያ ቆማችሁ ሰዓታችሁን ተመልከቱ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ከካፒቶሊኖ ኮረብታ የተነሣው የኦሎምፒክ ማራቶን ማታ ነበር የተጠናቀቀው፤ አፒያ የሚባለውን ጥንታዊ መንገድ ወታደሮች ችቦ ይዘው አብርተውታል። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ፣ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ መጥቶ፣ ይኸው ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ጥሎት ሄደ። ሁለት ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ከፖርታ ካፔና እስከ መጨረሻው መስመር፣ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ድረስ፣ በዝግታ ብትሄዱት አስር ደቂቃ ገደማ ነው። መብራቱ በርቶ፣ ኮሎሲየም ከፊታችሁ ቀይ ብርቱካን መስሎ ይታያችኋል። እኔ ስሄደው አጠገቤ የሚያወራ ሰው ባለመኖሩ ያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። አበበም ያቺን የመጨረሻዋን መንገድ ብቻውን ነው የሮጣት።

ከዚያ በኋላ ሌሊቱ የናንተ ነው። ወንዙን ተሻግራችሁ ትራስቴቬሬ ግቡ፤ ወጣቱ መጠጡን በእጁ ይዞ በየደረጃው ተቀምጦ ያወራል፣ መንገድ ላይ ጊታር ይመታል፣ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ላይ የሚያፈጥ የለም። ምግብ ቤት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንዱ ጋ «ለስንት ሰው?» ሲለኝ አንድ ጣቴን ባነሳ፣ ግማሽ ቤቱ ባዶ ሆኖ ሳለ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ አስቀመጠኝ። አመስግኜ ወጣሁና በሚዛን የሚሸጥ ፒዛና ሱፕሊ የሚሉትን፣ ውስጡ አይብ ያለበት የሩዝ ጥብስ ገዝቼ ድልድይ ላይ በላሁ። አልሞትኩም! መደነስ የፈለገ ወደ ቴስታቾ ይውረድ፤ እዚያ ጭፈራ ቤቶቹ የተደረደሩት የጥንት ሮማውያን የሰባበሩት የዘይት ማሰሮ ተከምሮ በሠራው ኮረብታ ሥር ነው። በዓለም ላይ ከቆሻሻ ክምር ሥር እንዲህ የሚጨፈርበት ቦታ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

እህቶቼ «ለአንተ ቀላል ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ሌሊት ለወንድና ለሴት እኩል አይመሽም። ለጥቁር ወጣትም ለፈረንጅ እንደሚመሸው አይመሽም፤ ፓስፖርትህን ሊጠይቁህ ይችላሉ። ግን መልሱ ቤት መቀመጥ ሳይሆን ማወቅ ነው። ሜትሮው ከአርብና ቅዳሜ በቀር እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ይዘጋል፤ የሌሊት አውቶቡሶች አሉ፤ ሰው ከሚበዛባቸው አደባባዮች አትራቁ፤ ተርሚኒ አካባቢ በውድቅት ስልክ እያያችሁ አትቁሙ። አዲስ አበባ ላይ የምትጠነቀቁትን ያህል ከተጠነቀቃችሁ ብዙውን መንገድ ሄዳችኋል።

«ለመዝናናት ሄጄ ለምን ቁስል እነካካለሁ?» ለሚለኝም መልስ አለኝ። ጣልያኖች ዝብርቅርቅ ያለ፣ የተመሰቃቀለ ነገርን «አምባራዳን» ይሉታል። ቃሉ የመጣው በ1936 በመርዝ ጋዝ ሕዝባችን ካለቀበት ከአምባ አራዶም ነው። ካፌ ውስጥ ጎረቤታችሁ እየሳቀ ይህችን ቃል ሲላት፣ ምን እንዳለ አውቆ ቡናውን የሚጠጣና ሳያውቅ አብሮ የሚስቅ ሰው አንድ ዓይነት መዝናናት አልተዝናኑም። እኔ አውቄ መጠጣቱን እመርጣለሁ። ቡናው እንደሆነ ያው ይጣፍጣል።

ስለዚህ ሮም የምትኖሩ ልጆች፣ ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲመጣባችሁ ዶሮ ወጡን ሥሩለት፣ አልጋውን አንጥፉለት። በማግስቱ ግን ቁልፍና የአውቶቡስ ቲኬት ስጡትና «ማታ እንገናኝ» በሉት። ቢያመሽም ቶሎ ቶሎ አትደውሉበት።