ጠባቡ የማደጊያ በር፦ የሰሜን ምሥራቅ ጀርመን የሴቶች እግር ኳስ ሊግ

የጀርመን የሴቶች እግር ኳስ ሲነሳ የብዙዎች ሐሳብ የሚያመራው ወደ ብሔራዊ ቡድኑ፣ ወይም እንደ ባየር ሙኒክና ቮልፍስቡርግ ወዳሉት ታላላቅ ክለቦች ነው። ይሁንና የአገሪቱን የሊግ ሥርዓት ጥንካሬና ድክመት ለመመርመር የሚሻ ሰው ዓይኑን ሁለት እርከን ዝቅ አድርጎ ሦስተኛውን ደረጃ ቢመለከት ይበልጥ ይጠቀማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሥርዓቱ አናት የሆነው የሴቶች ቡንደስሊጋ በ1990 በሁለት ምድብ ተጀምሮ ከ1997 ወዲህ በአንድ ምድብ ይካሄዳል። ሁለተኛው ቡንደስሊጋ በ2004 ተመሠረተ። ከእነዚህ ሥር ሰሜን፣ ሰሜን ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ደቡብ ምዕራብና ደቡብ የሚባሉ አምስት ክልላዊ ሊጎች ይገኛሉ። ክልላዊ ሊጎቹን የሚመሩት በየአካባቢው የተቋቋሙ ማኅበራት እንጂ ብሔራዊው ፌዴሬሽን አይደለም።

ከአምስቱ የሰሜን ምሥራቁ ሊግ ታሪክ ከሌሎቹ ይለያል። የሚያቅፋቸው ስድስት ግዛቶች በርሊን፣ ብራንደንቡርግ፣ መክለንቡርግ ፎርፖመርን፣ ሳክሶኒ፣ ሳክሶኒ አንሃልትና ቱሪንጂያ ሲሆኑ፣ ከምዕራብ በርሊን በቀር አብዛኛው ቀድሞ የምሥራቅ ጀርመን አካል የነበረ ነው። አካባቢውን የሚመራው ማኅበር የተመሠረተውም ሁለቱ ጀርመኖች በተዋሐዱ ማግሥት፣ በኅዳር 1990 ነበር።

እንደሚታወቀው የምዕራብ ጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጨዋታው ለሴት አካልና ሥነ ምግባር አይበጅም በሚል ምክንያት በ1955 ክለቦቹ ሴቶችን እንዳያጫውቱ ከልክሎ፣ እገዳውን ያነሳው በ1970 ነው። ያነሳውም በቅሬታ ይመስላል፤ መጀመሪያ ላይ ለሴቶቹ የተፈቀደው አነስ ያለ ኳስና ያጠረ የጨዋታ ጊዜ ነበርና። በምሥራቁ በኩል እንዲህ ያለ እገዳ አልነበረም። ነገር ግን መንግሥት ገንዘቡን የሚያፈሰው ሜዳሊያ በሚያስገኙ የኦሊምፒክ ስፖርቶች ላይ ስለነበር፣ የሴቶች እግር ኳስ በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት ቡድኖች ውስጥ እንደ መዝናኛ ብቻ ሲታይ ቆይቷል። የምሥራቅ ጀርመን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን በታሪኩ ያደረገው ግጥሚያ አንድ ብቻ ነው። ግንቦት 9 ቀን 1990 ፖትስዳም ላይ በቼኮዝሎቫኪያ 3 ለ 0 ተሸነፈ፤ አምስት ወር ሳይሞላም አገሪቱ ራሷ ከካርታ ላይ ጠፋች።

ከዚያ ዘመን ተሻግሮ አውሮፓን ያስደነቀው ክለብ በ1971 የተመሠረተው ቱርቢነ ፖትስዳም ነው። ከ2004 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ስድስት ጊዜ የቡንደስሊጋውን ዋንጫ ወስዷል፤ በ2005 እና በ2010 ደግሞ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። ይህን ያደረገው የወንዶች ታላቅ ክለብ ድጋፍ ሳይኖረው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። ከወንዶች ቡንደስሊጋ ገቢ የሚያገኙ ክለቦች ፊታቸውን ወደ ሴቶች ቡድን ሲያዞሩ በራሳቸው የቆሙት ክለቦች የሚፎካከሩበት አቅም አነሳቸው። ፖትስዳም በ2023 ወደ ሁለተኛው ሊግ ወረደ፣ በ2024 ተመለሰ፣ በ2025 እንደገና ወረደ።

ፖትስዳም ቁልቁል ሲወርድ ሌሎች ከክልላዊው ሊግ ተነስተው ሽቅብ ወጥተዋል። አርቢ ላይፕሲግ በ2020 ከሰሜን ምሥራቁ ሊግ ተነስቶ በ2023 ቡንደስሊጋ ደረሰ። የበርሊኑ ኡኒዮን በ2023 የሴቶች ቡድኑን ሙሉ በሙሉ ፕሮፌሽናል ሲያደርግ ቡድኑ የሚጫወተው ገና በሦስተኛው ደረጃ ነበር። በ2024 የክልሉ ሻምፒዮን ሆኖ አደገ፤ በ2025 ቡንደስሊጋውን ተቀላቀለ። ሌላው የበርሊን ክለብ ቪክቶሪያ የተከተለው መንገድ ለየት ይላል። በ2022 ስድስት ሴቶች፣ ከእነርሱም አንዷ ሁለት ጊዜ የዓለም ዋንጫ ያነሳችው አሪያነ ሂንግስት፣ የአሜሪካውን ኤንጀል ሲቲ ክለብ አርአያ በማድረግ የሴቶች ቡድኑን ከባለሀብቶች በተሰበሰበ ገንዘብ እንደ አዲስ አዋቀሩት። በአምስት ዓመት ውስጥ ቡንደስሊጋ የመግባት ግብም አስቀመጡ።

ለቪክቶሪያ ግን ገንዘብ ብቻውን አልበቃም። በ2023 የሰሜን ምሥራቁ ሻምፒዮን ቢሆንም በደርሶ መልስ የማደጊያ ግጥሚያ በሃምቡርግ ተሸንፎ ባለበት ቀረ፤ ያደገው በ2025 ነው። እዚህ ላይ የሥርዓቱ ዋነኛ ችግር በግልጽ ይታያል። ሁለተኛው ቡንደስሊጋ በ2018 ወደ አንድ ምድብ ሲጠቃለል የቡድኖቹ ቁጥር ከ24 ወደ 14 ዝቅ ብሏል። ላይ ያሉት ቡድኖች ጠንካራ እንዲሆኑ ታስቦ የተደረገ ለውጥ ነው፤ ታች ላሉት ግን በሩ ጠበበ። የክልል ሻምፒዮን የሆነ ቡድን አንድ ዓመት ሙሉ የለፋበትን ውጤት ከሌላ ክልል ሻምፒዮን ጋር በሚያደርጋቸው ሁለት ጨዋታዎች ሊያጣ የሚችልበት አሠራር ፍትሐዊ ነው ብሎ መሟገት ያስቸግራል። ሁሉም በቀጥታ ይደጉ ቢባል ደግሞ በየዓመቱ ከላይ አምስት ቡድን ማውረድ ግድ ይላል። ቡንደስሊጋው በ2025/26 ከ12 ወደ 14 ክለቦች ማደጉ ጥቂት ያስተነፍስ ይሆናል።

ስለ ታላላቆቹ ይህን ያህል ከተባለ፣ በዚሁ ሊግ ውስጥ የሚገኙት ሌሎቹ ሊረሱ አይገባም። በ1978 በክሮይትስበርግ የቱርክ ስደተኞች የመሠረቱት ቱርኪየምስፖር፣ የማግደቡርግ የሴቶች ክለብ፣ የማዕድን አገር ልጆቹ የኤርትስገቢርገ አውኤ ተጫዋቾች በዚህ ሊግ ተሰልፈዋል። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ሠራተኞችና ተማሪዎች ናቸው። ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ እስከ ቱሪንጂያ ጫካ የሚዘልቀውን መንገድ በዕረፍት ቀናቸው ተጉዘው፣ ደመወዝ ከሚከፈላቸው ተጋጣሚዎች ጋር ይፋለማሉ። ከፍተኛ የግብ ልዩነት መታየቱ የሚጠበቅ ነው። ሻምፒዮን ሆነው እንኳ የሁለተኛውን ሊግ ወጪና መስፈርት በመፍራት ለማደግ ሳያመለክቱ የሚቀሩ ክለቦች በየክልሉ አሉ።

በ2025/26 የውድድር ዘመን ቱርቢነ ፖትስዳምና ቪክቶሪያ በርሊን በሁለተኛው ቡንደስሊጋ ተገናኝተዋል። አንዱ ከላይ የወረደ፣ ሌላው ከታች የወጣ፣ በመኪና አንድ ሰዓት የማይርቁ ጎረቤቶች ናቸው። ስድስት ዋንጫ ያለው ፖትስዳም ከዚህ ደረጃ አንድ እርከን ቢወርድ የሚጠብቀው ይኸው የሰሜን ምሥራቁ ሊግ ነው።