ዓለማችንን እንወቅ፦ ባቡር ጣቢያ ሲቆፈር የተገኙት መርከቦች



ባለፈው ሳምንት ከምድር በታች ስለሚሄድ ባቡር አንብበን ነበር። ከትምህርቱ በኋላ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ መሬቱ ሲቆፈር የጥንት ነገር ቢገኝስ ምን ይደረጋል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ጥሩ ጥያቄ ነው። እስቲ በአንድ ከተማ የሆነውን ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ ኢስታንቡል ትባላለች። ያለችው በቱርክ አገር ነው። በጥንት ጊዜ ስሟ ቁስጥንጥንያ ነበር። ከተማዋን ባሕር ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ ወገን አውሮፓ፣ በሌላው ወገን እስያ ነው። ሕዝቡ በድልድይና በጀልባ ሲሻገር መንገዱ ይጨናነቅ ነበር። ስለዚህ ከባሕሩ በታች የባቡር መንገድ እንዲሠራ ተወሰነ። በአሮጌው ከተማ ውስጥ፣ የኒካፒ በሚባል ሰፈር፣ ትልቅ የምድር ውስጥ ጣቢያ ያስፈልግ ነበር።

ቁፋሮው በ2004 ተጀመረ። ሲቆፈር ከጭቃው ውስጥ እንጨት ብቅ አለ። ለካስ መርከብ ኖሯል! ቀጥሎ ሌላ ተገኘ፤ ደግሞም ሌላ። በጠቅላላው 37 መርከቦች ወጡ። ዕድሜያቸው ከ1000 እስከ 1500 ዓመት ገደማ ነው።

ታዲያ መርከብ ከመሬት ሥር ምን ይሠራል? ቦታው ድሮ ወደብ ነበር። ወደቡ የተሠራው በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በንጉሥ ቴዎዶስዮስ ዘመን ነው። ከግብጽ የሚመጣ እህል ይራገፍበት ነበር። ያ እህል የበቀለው ዓባይ ባመጣው ደለል ላይ ነው። ከደለሉም አብዛኛው ከእኛ ደጋ ታጥቦ የወረደ አፈር ነው። ወደ ወደቡም አንድ ወንዝ ይገባ ነበር። ወንዙ ከዓመት ዓመት አፈር እያመጣ ወደቡን ሞላው። ባሕሩ ሸሸ፤ ቦታው የአትክልት ማሳ ሆነ። ከማሳው ሥር መርከብ መኖሩን ማን ያውቃል?

«እንጨቱ እንዴት ሳይበሰብስ ቀረ?» ትሉ ይሆናል። እንጨት የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው። እነሱም አየር ይፈልጋሉ። በእርጥብ ጭቃ ውስጥ ደግሞ አየር የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ ከወጣ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ እንጨት ቶሎ ከደረቀ ይጨማተራል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ውሃ እያርከፈከፉ አወጡት፤ በውሃ ገንዳ ውስጥም አስቀመጡት።

ይህ ሁሉ ጊዜ ፈጀ። ሥራው 4 ዓመት ያህል ዘገየ። ክርክርም ተነሣ። በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሬሴፕ ታይፕ ኤርዶጋን፣ ሥራው በሸክላ ስባሪ ምክንያት ዘገየ ብለው አማረሩ። ነገሩ ከንቱ አልነበረም፤ ሠራተኛው ሕዝብ በየቀኑ በመንገድ ይጉላላ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ጊዜ የፈረሰ ታሪክ ተመልሶ አይገኝም።

ቁፋሮው በጥንቃቄ ቀጠለ። ከመርከቦቹም በታች የሰው እግር ዱካ ተገኘ። የዛሬ 8000 ዓመት ገደማ በጭቃ ላይ የሄዱ ሰዎች ዱካ ነው! ቢቸኩሉ ኖሮ ይህን ማንም አያውቅም ነበር። ባቡሩም አልቀረም። ኦክቶበር 29 ቀን 2013 ሥራ ጀመረ። ሕዝቡ አሁን በጥቂት ደቂቃ ከአውሮፓ ወደ እስያ ይሻገራል።

እንግዲህ አባቴ፣ የጥያቄዎ መልስ ይኸው ነው። ቆም ይባላል፤ ባለሙያ ይጠራል፤ ከዚያ ሥራው ይቀጥላል። እኛም ስናርስ የተቀረጸ ድንጋይ ወይም የቆየ ሸክላ ቢወጣ አንስበረው። ለቀበሌ እናስታውቅ።

እንወያይ
1. እንጨቱ ሳይበሰብስ የቆየው ለምንድን ነው?
2. ወደቡን የሞላው ምንድን ነው? በእኛ አገርስ አፈር የሚታጠበው በምን ምክንያት ነው?
3. እናንተ ብትሆኑ ሥራው እንዲዘገይ ትፈቅዱ ነበር? ለምን?