የዕብራይስጥ ድካም የእንግሊዝኛ ድካም አይደለም



በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ ወጣት፣ ዕብራይስጡ ገና ስለሆነ ብቻ በእንግሊዝኛም ዝቅተኛው ክፍል ይመደባል። በባግሩት ባለ ሦስት ዬሒዶት ማለት ነው፤ ከፍተኛው አምስት ነው። ይህን አሠራር በበኩሌ አልቀበለውም። ልጁ ኢትዮጵያ ሳለ ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ ከነበረ፣ ፊዚክሱንም ታሪኩንም የተማረው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። እዚህ የቸገረው መምህሩ እንግሊዝኛውን በዕብራይስጥ ሲያስረዳ ነው።

ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። በማትናስ ሳክስፎን ሲጫወት ሰው ሁሉ ያጨበጭብለታል። የሚታየው እንግሊዝ አገር ሄጄ ሙዚቃ በዲግሪ ልማር ያለ ቀን ነው። «ሙዚቃ ምን ቋንቋ ያስፈልገዋል?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ያስፈልገዋል እንጂ! የሙዚቃ ታሪክ ይነበባል፣ ድርሰት ይጻፋል። የቪዛው ሕግም ለዲግሪ ትምህርት በማንበብ፣ በመጻፍ፣ በማዳመጥና በመናገር፣ በእያንዳንዱ፣ ቢ2 የሚባለውን ደረጃ ይጠይቃል። ይህ በአይኤልትስ ፈተና 5.5 ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። በፈተናው ላይ የማዳመጫው ቅጂ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጽሑፍ ይጻፋል፤ አንዱ ቢያንስ 150፣ ሌላው ቢያንስ 250 ቃላት። በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት የዕብራይስጥ ቃል የለችም። ለእኛ ልጆች እኮ ይህ መልካም ዜና መሆን ነበረበት!

ሦስት ዓመት ሙሉ ከአቅሙ በታች ሲማር የከረመን ልጅ በሁለት ወር ኮርስ እናደርሰዋለን የሚሉትን አትመኑ። ኮርሱ የፈተናውን መልክ ያለማምዳል እንጂ የጎደለውን ቋንቋ አይሞላም። ውጤቱም የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ ማመልከቻ ሳይታሰብ ቸኩሎ መፈተን ገንዘብ መጣል ነው።

ትግሉ መደረግ ያለበት ቀደም ብሎ፣ ምደባው ላይ ነው። ለወላጆች ስብሰባ ስትጠሩ ከኢትዮጵያ ያመጣችሁትን የትምህርት ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ስለ ራሱ መከራከር ያፍራል። ጥያቄውም መመሪያውም በእንግሊዝኛ ብቻ የሆነ መመዘኛ ይሰጠው በሉ። እምቢ ካሏችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁና ወረቀቱን ለአካባቢያችሁ ማኅበራዊ ሠራተኛ አሳዩ።