አሮጌውን አይሮፕላን ወደ አዲሱ መለማመጃ ስለ ማዛወር

በአዋሽ ወይም በሰመራ የሚኖር ልጅ፥ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር በሚባለው የበረራ መለማመጃ፥ ከቤቱ ሳይወጣ የአዋሽን ሸለቆ ከሰማይ ሊያየው ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረበትን የዳግላስ አይሮፕላን ዓይነት፥ በ1999 ዓ.ም. ከወጣው መለማመጃ በ2012 ዓ.ም. ወደ ወጣው ለማዛወር ቢመኝ፥ ምኞቱ መልካም ነው።

ነገር ግን መገልበጥ ብቻ እንደማይበቃ ልናስታውሰው እንወዳለን። አካሉና ቀለሙ ብዙ ጊዜ ይተላለፋሉ፤ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፉት የቀድሞ የመሣሪያ ሰሌዳ መለኪያዎች ግን በአዲሱ ስለማይሠሩ በሌላ መተካት አለባቸው። በአንድ ፋይል ተጠቃሎ የነበረው የበረራና የሞተር ሐተታም በየፋይሉ ይለያል።

ሥራው ሲፈጸም፥ በመለማመጃው ውስጥ ከሰመራ በቀትር ሙቀት አስነሥቶ መፈተን ነው። ሙቀት አየሩን ስለሚያሳሳው፥ መንደርደሪያው በማለዳ ቅዝቃዜ ከሚፈልገው ይረዝማል፤ ልዩነት ካልታየ ቁጥሩ ይመርመር።

ከሁሉም ይልቅ የፊተኛው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ። አስተካክሎ ለራስ መያዝ ሌላ፥ ለሰው ማደል ሌላ ነው፤ ሠሪውን ሳያስፈቅዱ የድካሙን ፍሬ ማደል ነውር መሆኑን ወላጆች ለልጆቻቸው እንዲያስረዱ አደራ እንላለን።