የሚዛን አኃዝና የሚዛን እውነት

በሐሙሲት የሐሙስ ገበያም ሆነ በሌላው የጣና ዙሪያ ገበያ በጣሳ መስፈር የቆየ ልማድ ነው። ጣሳው ያው አንድ ጣሳ ሆኖ ሳለ፣ የታመቀ ዱቄትና ገና የተነፋ ዱቄት በውስጡ እኩል አይመዝኑም። ባለሙያ እናቶች ይህን ጉድለት ሊጡን ዳብሰው በእጃቸው ያርሙታል። ዳቦ ጋግሮ ለመሸጥ የተነሣ ወጣት ግን ያ እጅ እስኪኖረው ድረስ ሚዛን ያስፈልገዋል፤ ዛሬ ያማረው ድፎ ነገ ቢበላሽበት ኪሳራው የራሱ ነውና።

በእኛ አስተያየት ዲጂታል ሚዛን ገዢውን ይበልጥ የሚያሳስተው ከነጥብ በኋላ የሚታየው አኃዝ ነው። 0.1 ግራም የሚያሳይ ሚዛን 1 ግራም ከሚያሳየው የበለጠ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። በውስጡ ያለው አነስተኛ የብረት ዘንግ ጭነት ሲያርፍበት በጥቂቱ ይጎብጣል፤ በላዩ የተለጠፈው ስስ ብረት ሲለጠጥ ኤሌክትሪካዊ ሬዚስታንሱ ይለወጣል፤ ይህም ለውጥ ወደ ግራም ተተርጉሞ ይነበባል። ከምድጃ አጠገብ ሲሞቅ ወይም ባትሪው ሲደክም ንባቡ ሊዛባ ይችላል፤ አኃዙ ግን በዚያው ድፍረቱ መታየቱን ይቀጥላል።

ከዚህም ሌላ፣ መሣሪያው የሚለካው ክብደትን እንጂ መጠነ ቁስን በቀጥታ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በጣና ዳርቻ የስበት ፍጥንጥነት 9.78 ሜትር በሰከንድ ካሬ ያህል ነው፤ መደበኛው ግን 9.80665 ነው። ስለዚህ በመደበኛው ስበት የተስተካከለ ሚዛን እዚህ 1 ኪሎ ግራም ዱቄት ቢጫንበት 997 ግራም ያህል ያነባል። ለፊዚክስ ተማሪ ደስ የሚል ነገር ነው! ለዳቦው ግን ምንም አይደለም፤ ዱቄቱም ውኃውም ጨውም በአንድ ሚዛን እስከተመዘኑ ድረስ ሁሉም በእኩል መጠን ይቀንሳሉና ምጣኔያቸው አይናጋም።

ጣጣው ያለው እርሾው ላይ ነው። በከፍታ ቦታ የአየር ግፊት ስለሚያንስ ሊጥ ፈጥኖ ይነሣል፤ ለቆላና ለባሕር ጠረፍ በተጻፈ የአሠራር መመሪያ 7 ግራም የተባለው ደረቅ እርሾ እዚህ ወደ 5 ዝቅ ቢል ይሻላል። ባለ 1 ግራም ሚዛን 5 ሲል ግን እውነቱ ከ4.5 እስከ 5.5 ሊሆን ይችላል። ብዙ ሚዛኖች ደግሞ ከዜሮ አጠገብ ቀስ ተብሎ የሚነሰነስባቸውን ዱቄት እንደ ራሳቸው መዛባት ቆጥረው ይውጡታል። ሌላ ውድ ሚዛን ይገዛ አንልም። 20 ግራም እርሾ በ200 ግራም ውኃ በጥብጦ፣ ሳይዘቅጥ 55 ግራም ቢወሰድ 5 ግራም እርሾ ይገኝበታል፤ ቀሪው ለሦስት ሌላ ዳቦ በዕለቱ ይውላል።

ምርጫው እንግዲህ በሱቁ ውስጥ በሚደረግ ፈተና ይሁን። አንድ ዕቃ በመካከልና በአራቱም ማዕዘን ይመዘን፤ ተነሥቶ ይመለስ። ሁለት ዕቃዎች ለየብቻ፣ ከዚያም በአንድነት ይመዘኑ፤ ድምሩ ከ2 ግራም በላይ ከተለያየ ሚዛኑ ይቅር። ትክክለኛነቱን ለማረጋገጥ ግን ክብደቱ የታወቀ መመዘኛ ያሻል። የፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች በዓመት ጥቂት ቀናት በራቸውን ለከተማው ጋጋሪዎች ቢከፍቱ ምን ይጎዳቸዋል? ተማሪውም ስለ ልኬት ስሕተት በሰሌዳ ላይ የተማረውን በሰው እንጀራ ላይ ያየዋል።

ፈተናውን የሚከለክል ሻጭ ቢያጋጥም፣ በባሕር ዳር ሌላ ሱቅ አይጠፋም።