አተርና ጭራሮ

በነሐሴ ከደብረ ታቦር ወደ ጉና አቅጣጫ ብትወጣ፥ አተርና ባቄላ በአንድ ማሳ ተቃቅፈው የቆሙበት ቦታ ታያለህ። ከእኛ ከተማርን ከምንባለው መካከል ይህን አይቶ «ገበሬው ዘሩን እንኳ ለይቶ አይዘራም» የሚል አይጠፋም። እኔ በዚህ ነገር ከገበሬው ጋር ነኝ።

የአተር ግንድ ራሱን አይችልም። ያለ ድጋፍ የተተወ እንደ ሆነ የክረምቱ ዝናብና በረዶ መሬት ላይ ያስተኛዋል፤ ከእርጥብ አፈር ጋር ሲነካካም ይሻግታል። ባቄላ ግን ባለ አራት ማዕዘን አገዳውን ተማምኖ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አተሩም እርሱን እየጨበጠ ወደ ላይ ይወጣል። ገበሬው እንጨት ሳይቆርጥ ድጋፉን ከዘሩ ጋር ዘራ ማለት ነው።

አንተ ግን በተከራየኸው ቤት ጓሮ ጥቂት መደብ አተር ብቻ ዘርተህ እንደ ሆነ፥ ጭራሮ ይበቃሃል። ብዙ ሰው ወፍራምና ልሙጥ ዘንግ ይተክልና አተሩ አጠገቡ ወድቆ ሲያገኘው ይገረማል። ዘንግ ላይ ዙሪያውን እየተጠመጠመ የሚወጣው ሐረጋም አደንጓሬ ነው። አተር የሚይዘው ከቅጠሉ ጫፍ በሚወጣው እንደ ክር በቀጠነ ነገር ስለ ሆነ፥ ከእርሳስ የማይወፍር መጨበጫ ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ጣት ያለው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ምረጥ፤ ቅጠሉን አራግፈህ አንድ ስንዝር ያህል ወደ መሬት አስገባው፤ ቁመቱ እስከ ደረትህ ይድረስ። ይህን የምታደርገው ቡቃያው ገና ጣት ሲያክል ነው፤ ከተኛ በኋላ ላንሣህ ቢሉት ይሰበራል። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግን አንዲት ቅርንጫፍ እንዳትነካ፤ በደቡብ ጎንደር የቀረው የአገር ዛፍ አብዛኛው እዚያ ነው።

ሥራው ለቢሮ ሰው ያሳፍራል የምትል ከሆነ፥ የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው መነኩሴ ግሬጎር ሜንዴል በብርኖ ገዳም አተሩን ያቆመው በዱላ፥ በዛፍ ቅርንጫፍና በገመድ መሆኑን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም. በታተመው ጽሑፉ ራሱ ገልጾታል።

ለቤት አከራይህ ለእትዬም ነገሩን አስቀድመህ ንገራቸው፤ አለዚያ ድጋፍህ እንጀራ ይጋገርበታል። በእርግጥ መጨረሻው ምድጃ ነው፤ ነገር ግን የታችኛውን እሸት እንደ ቀጠፍክ ወዲያው አትንቀለው፥ የላይኛው ገና አበባ ነው።