ሰዓቱን የሚያከብር ማመላለሻ

ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴዋን የምትጀምረው ዐጸዷ በሕዝብ እስኪሞላ ጠብቃ አይደለም። ሰዓቱ ሲደርስ ደወል ይደወላል፤ ካህናቱም ይገባሉ፤ ምእመናንም ሰዓቱን አስቀድመው ስለሚያውቁት ከየቤታቸው ተነሥተው በጊዜው ይደርሳሉ። ሕዝቡ የሚሰበሰበው ሰዓቱ የታመነ ስለ ሆነ ነው እንጂ፥ ሰዓቱ የተወሰነው ሕዝቡ ስለ ተሰበሰበ አይደለም።

በአብዛኞቹ የኢትዮጵያ ከተሞች የሕዝብ ማመላለሻ የሚሠራው ግን የዚህን ሥርዓት ተቃራኒ ይዞ ነው። ታክሲው የሚነሣው ወንበሩ ሲሞላ ነው። የሚሞላበትን ሰዓት ደግሞ ሾፌሩም፥ ረዳቱም፥ ተራ አስከባሪውም፥ ተሳፋሪውም አያውቁትም። ስለዚህ የጉዞው መዘግየት የሚጀምረው በመንገድ ላይ ሳይሆን፥ ገና መኪናው ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ነው። ስለ ማመላለሻ ፍጥነት በተነሣ ቍጥር ስለ ሰፊ መንገድና ስለ አዲስ መኪና ብቻ መነጋገር የተለመደ ቢሆንም፥ የነገሩ ሥር የሚገኘው በዚህ ስፍራ ነው።

ይህን ነገር ለመመልከት የመቀሌ ከተማ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መናገሻቸው ባደረጓት ጊዜ ከቤተ መንግሥቱ እስከ ገበያው በእግር ደርሶ መመለስ የሚቻልባት ከተማ ነበረች። ዛሬ ግን በሰባት ክፍለ ከተሞች የተከፈለች ናት፤ ቀድሞ ራሷን የቻለች ከተማ የነበረችው ኲሓም ከእነዚሁ እንደ አንዱ ተቈጥራለች። ከሰባቱ አንዱ ሓድነት ነው፤ ትርጓሜውም በትግርኛ አንድነት ማለት ነው። የሓድነት ነዋሪ ሐኪም ለማየት ወደ ዓይደር ሆስፒታል፥ ለትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲው፥ ለሥራም ወደ ኲሓ የሚሄድበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ሰባቱን ክፍሎች አንድ ከተማ የሚያደርጋቸው በመዝገብ የተጻፈው ስማቸው ሳይሆን፥ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው በታወቀ ሰዓት መድረስ መቻሉ ነው።

የመቀሌ ሕዝብ የማመላለሻን ዋጋ በመጽሐፍ ሳይሆን በመከራ ተምሮታል። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ዘመን ነዳጅ ጠፍቶ፥ ባንክ ተዘግቶ፥ ታክሲና ባጃጅ በየደጁ በቆመ ጊዜ፥ ሕመምተኛው በሰው ትከሻ፥ ሠራተኛውም በእግሩ ይሄድ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ መንገዱ ተከፍቶ መኪናዎች እንደ ገና መንቀሳቀስ ጀመሩ። ነገር ግን ጦርነቱ አካላቸውን ያጐደለባቸው ብዙዎች ናቸው። ጤነኛው ሰው ታክሲ ሲዘገይበት በእግሩ ይገሠግሣል፤ በምርኵዝ የሚሄደው ግን ከቆመበት ሌላ ምርጫ የለውም። የማመላለሻ ሥርዓት መጕደል ከሁሉ አስቀድሞ የሚጐዳው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

የሥርዓት ጥቅም በሒሳብ ሊታይ ይችላል። በአንድ መሥመር ላይ በሰዓት 6 መኪናዎች ያልፋሉ ተብሎ ይታሰብ። ስድስቱ በየ10 ደቂቃው ተራርቀው ቢመጡ፥ ወደ ፌርማታው የወጣ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። እነዚያው ስድስት መኪናዎች ሁለት ሁለት ሆነው በየ20 ደቂቃው ቢመጡ ግን አማካዩ ጥበቃ 10 ደቂቃ ይሆናል፤ ዕድል የከዳውም 20 ደቂቃ ይቆማል። የመኪናው ቍጥር አልቀነሰም፤ ነዳጁም አልጐደለም፤ የጐደለው ሥርዓት ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ፥ በጧት በ2 ሰዓት ከሥራው መገኘት ያለበት ሰው ከቤቱ የሚወጣበትን ጊዜ የሚወስነው በመልካሙ ቀን ሳይሆን በክፉው ቀን ለክቶ ነው። አንድ ቀን እንዳይዘገይ ሲል በሌሎቹ ቀኖች ሁሉ ያለ ጥቅም ቀድሞ ይወጣል። ስለዚህ መታመን ራሱ ፍጥነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ ጥፋት ሾፌሩንና ረዳቱን ብቻ መውቀስ ግን ፍርድ ማጓደል ነው። ሾፌሩ በየቀኑ ለባለ መኪናው የሚያስገባው ገንዘብ ተወስኖበት፥ የዕለት እንጀራውንም ከተረፈው የሚያገኝ ከሆነ፥ ባዶ ወንበር ይዞ መነሣት ለእርሱ ከልጆቹ ማዕድ መቀነስ ነው። ጓደኛውን ለመቅደም ቢሮጥ፥ ካልተፈቀደ ስፍራም ቆሞ ሰው ቢጭን፥ የሚያስሮጠው ይኸው ነው። በቅጣት ብቻ የሚታረም አይደለም፤ የገቢው ሥርዓት መለወጥ አለበት። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2000 የተጀመረው የአውቶቡስ አገልግሎት ለባለ አውቶቡሶቹ በዋናነት የከፈለው በተሳፋሪ ቍጥር ሳይሆን በሄዱት ኪሎ ሜትር ነበር። ስለዚህ በየፌርማታው ለተሳፋሪ መሻማት ትርፍ የሌለው ሥራ ሆነ።

ብዙ ገንዘብ ማውጣትም ብቻውን መፍትሔ እንደማይሆን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ይመሰክራል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር ሁለት መሥመሮች ያሉት ሲሆን፥ ርዝመቱ 34 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ወጪውም 475 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ አብዛኛው ገንዘብም ከቻይና የተገኘ ብድር ነው። ለሥራው ከመጡት 41 ባቡሮች ግን ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መለዋወጫ በማጣት ቆሙ። በታንዛኒያም በዳሬሰላም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ ተከፍቶ ሳለ፥ አውቶቡሶቹ ባለመብቃታቸው ተሳፋሪው በረዥም ሰልፍ መጠበቁ አልቀረም። በተቃራኒው የብራዚሏ ኩሪቲባ በ1974 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር ለምድር ባቡር የሚበቃ ሀብት ሳትጠብቅ ለአውቶቡስ የተለየ መንገድ ከፈለች፤ ኋላም ተሳፋሪው ሳይሳፈር አስቀድሞ እንዲከፍል አደረገች፤ በዚህም የብዙ ከተሞች አስተማሪ ሆነች።

ስለዚህ በሓድነት ሥራው ከትንሹ ቢጀመር ይሻላል። አንድ ሰው የበዛበት መሥመር ይመረጥ። በዚያ መሥመር በጧትና በማታ፥ ሰው ወደ ሥራና ወደ ቤቱ በሚጐርፍበት ጊዜ፥ መኪናዎች በተወሰነ ደቂቃ ልዩነት ይነሡ። የመነሻው ሰዓት በፌርማታው በጕልህ ይጻፍ። ተራ አስከባሪውም ወንበር መቍጠሩን ትቶ ሰዓት ይመልከት። ባዶ ወንበር ይዞ መሄድ በነዳጅ እጥረት ዘመን ብክነት ነው የሚል ቢኖር፥ ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በጧትና በማታ ወንበሩ ያለ ጥበቃም ይሞላል፤ ስለዚህ ሥርዓቱ በዚያ ሰዓት ቢጀመር ኪሳራው ጥቂት ነው። የሚጐድለውንም ከተማው ለሾፌሩ ቢደጕም፥ ሕዝቡ በየማለዳው በመቆም ከሚያባክነው የሥራ ሰዓት ጋር ሲመዛዘን ቀላል ነው።

የነዳጁ ጉዳይም የራሱ መንገድ አለው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ በኤሌክትሪክ ወደሚሠሩት ፊቱን አዙሯል። በመቀሌ አቅራቢያ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተሠራው 120 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ነው። ነዳጅ የጫነ ቦቴ በመቅረቱ ቀጥ ብላ የቆመች ከተማ፥ ማመላለሻዋን ቀስ በቀስ በኤሌክትሪክ ብታደርግ ከሌሎች ይልቅ የምትጠቀመው እርሷ ናት። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ወንበሩ እስኪሞላ ከቆመ፥ የተለወጠው ሞተሩ ብቻ ነው።

ባለሥልጣኑ መሥመሩን ወስኖ የሾፌሩን ገቢ ቢያስተካክል፥ ካህኑም በጕባኤው መካከል የሰውን ሰዓት መውሰድ ገንዘቡን እንደ መውሰድ መሆኑን ቢያስተምር፥ ነገሩ ከሚታሰበው ይልቅ ፈጥኖ ይቃናል። ደወሉን ሰምቶ ከቤቱ የሚወጣ ሕዝብ ለሰዓት ባዕድ አይደለም። የሚያምነው ሰዓት ከተሰጠው በሰዓቱ ይገኛል። ሓድነትም ስሙን በሥራ የሚያገኘው፥ በምርኵዙ ተደግፎ ከፌርማታው የቆመው ሰው መኪናው የሚመጣበትን ደቂቃ ያወቀ ዕለት ነው።